የናፍታ ፒክአፕ ሞተር መለኪያዎች፦ ለምን፣ የትና እንዴት

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ይህ ጽሑፍ የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በአናንዴል በተዘጋጀው የአባላት የሙያ ልውውጥ ቀን ላይ ከአባሎቻችን አንዱ ያሰሙት ንግግር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ኮሚቴው «ከሃያ ደቂቃ አታሳልፍ» ብሎኛል። እሞክራለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት እህታችን ስለ ቤት መግዣ ብድር፣ ወንድማችንም ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነገር አሰምተውናል። የእኔ ጉዳይ ከእነርሱ ጋር ሲተያይ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሆኖም ከመካከላችን በናፍታ ፒክአፕ የሚተዳደረው ሰው ጥቂት አይደለም፤ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ አለ፣ የሣርና የአትክልት ሥራ የሚሠራ አለ፣ ለሠርግና ለክርስትና ምግብ የሚያደርስ አለ። ሐዘን በደረሰብን ቁጥር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የጫነውን ተጎታች እየሳበ የሚደርስልንም ይኸው ዓይነት መኪና ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ባለቤቱ ከፋብሪካ ውጭ ገዝቶ ስለሚያስገጥማቸው የሞተር መለኪያዎች፣ በተለምዶ ጌጅ ስለምንላቸው ነው። ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም። ከስሬ ያወቅሁት ነው።

በ2006 አንድ የ2001 ፎርድ ኤፍ-250 ገዛሁ። ሞተሩ 7.3 ሊትር፣ ፓወር ስትሮክ የሚባለው ነው። ሠሪው ናቪስታር ሲሆን ፎርድ ከ1994 እስከ 2003 በፒክአፖቹ ላይ ሲገጥመው ቆይቷል። ጥንካሬውን የያዘው ሁሉ ይመሰክርለታል። ሦስት ዓመት ያህል የቤት ዕቃ እያጓጓዝኩ አንድም ቀን ሳያሳፍረኝ ሠራሁበት። በ2009 ግን አንድ ጋራዥ «ጉልበት የሚጨምር ቺፕ እናስገባልህ፤ ዳገቱ ሜዳ ይሆንልሃል» አለኝ። አስገባሁ። እውነትም ሜዳ ሆነልኝ። ጋራዡ ስለ መለኪያ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አንድ ቤተሰብ ከአናንዴል ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲዛወር ዕቃቸውን ጫንኩ። ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዘው በራሳቸው መኪና ከኋላ ይከተሉኛል። በቤልትዌይ ወደ 270፣ ከፍሬድሪክ በ70፣ ሃንኮክ ላይ ወደ 68 ገባን። እዚያ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ አለ፤ ያለፋችሁበት ታስታውሱት ይሆናል፣ መንገዱን ለማሳለፍ ተራራውን 340 ጫማ ያህል ወደ ታች ቆርጠው የድንጋዩ ንብርብር እንደ ድፎ ዳቦ ተገምሶ ይታያል። ወደዚያ የሚያወጣው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ተጎታቹ ሙሉ ነው፣ ቀኑ ሙቀት ነው። እኔ እግሬን ነዳጁ ላይ አስቀምጬ፣ ቴፑን ከፍቼ፣ ሌሎች የጭነት መኪኖችን እያለፍኩ ወጣሁ። «ቺፑ ዋጋውን አወጣ» እያልኩ ነበር።

የውሃው ሙቀት መርፌ መሐል ላይ ነው። የዘይቱ መርፌ መሐል ላይ ነው። ወደ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ እንደ መዶሻ ይመታ ጀመር፤ ከኋላዬ ነጭና ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው፤ ጉልበቱም ጠፋ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። በኋላ ቴስታታው ሲነሣ የአንዱ ፒስተን አናት በአንድ ወገን እንደ ሻማ ቀልጦ ፈስሶ ተገኘ።

ያን ቀን እነዚያ ሕፃናት እስከ እኩለ ሌሊት መንገድ ዳር ናቸው። እናትየው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር። ሌላ ሞተር ለማስገባት የወጣው ገንዘብ መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ነው። ሦስት ወር ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ይህ ማኅበር ገና አልተቋቋመም፤ ዕቁብ ግን ነበረን፣ የደረሰውን ዕጣ የለቀቀልኝ ወንድም ዛሬ እዚህ ተቀምጧል። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሞተሩ ውስጥ ብረት እየቀለጠ ሳለ ፊት ለፊቴ ያሉት መርፌዎች እንዴት ሰላም ነው ይሉኛል?

የውሃው መርፌ የሚለካው ውሃውን ነው። የእሳቱ ሙቀት በመጀመሪያ የሚያገኘው ፒስተኑን ነው፤ ውሃው ዘግይቶ ነው የሚሰማው፣ ራዲያተሩም እየሠራ ከሆነ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። የዘይቱ መርፌ ደግሞ የባሰ ነው። በእኔ ፎርድ ላይና በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ ፎርዶች ላይ ያለው የዘይት ግፊት መርፌ ግፊቱን አይለካም። ከበስተኋላው ያለው እንደ መብራት ማብሪያ ያለ ነገር ነው፤ ግፊቱ ከስድስት፣ ሰባት ፒ.ኤስ.አይ. ካለፈ መርፌው መሐል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በታች ከወረደ ይወድቃል። በመሐሉ ያለውን አይነግርም። መርፌ የተሳለበት መብራት ነው እንጂ መለኪያ አይደለም። ለዓመታት ያንን መርፌ እያየሁ ተጽናንቻለሁ።

አሁን ስለ ናፍታ ሞተር ባሕርይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ዛሬ አልናገርም። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ነው የሚግለው። ናፍታ ግን ተቃራኒው ነው፤ ነዳጅ በጨመርክለት መጠን ይግላል። አየሩ ከበዛለት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ካነሰውና ናፍታው ከበዛ ይነድዳል። ቺፑ የሚሠራው ናፍታ መጨመር ነው። ፒስተኑ ደግሞ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በ1,220 ፋራናይት ገደማ ይቀልጣል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ፒስተኑ ወዲያው የማይቀልጠው ከሥሩ ዘይት ስለሚረጭበትና በየዙሩ አዲስ አየር ስለሚያበርደው ነው። ዳገት ላይ ደቂቃዎች ሲቆጠሩ ግን ያ ሁሉ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ አይጮህም፣ አይተንም፣ መብራት አያበራም። እንዲያውም የሚጎትተው ከምንጊዜውም በላይ ደኅና ሆኖ ነው። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የፊያት ኤንትሬ የነዱ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ከአገሬ ሳልወጣ በፊት ሁለት ዓመት በጎጃም መስመር ረዳት ነበርኩ። ከጎሐ ጽዮን ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን ስንወጣ ሾፌራችን ማርሽ የሚቀንሰው ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት ነው። «ከለመነህ በኋላ አይደለም የምትሰጠው» ይለኝ ነበር። ጆሮው ሞተሩ ላይ፣ ዐይኑ በመስታወት የጭሱ ቀለም ላይ ነው። ጭሱ ሲጠቁር እግሩን ያነሣል። እኔ ታኮ ይዤ ለመዝለል እጄን በሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ያ መኪና ቱርቦ የለውም፤ ጋቢናው ክፍት ነው፤ ሙቀቱም ሽታውም ድምፁም አብሮን ይጓዛል።

አንድ መርፌ ግን ያምን ነበር፦ የአየር ፍሬኑን። መርፌው ወደ ቦታው ሳይወጣ አንዲት ክንድ አይንቀሳቀስም። ተሳፋሪ ቢለምን፣ ነጋዴ ቢቆጣ፣ «አየር አልሞላም» ብሎ ሲጋራውን ይለኩሳል። እኔ አሜሪካ መጥቼ ስለ መለኪያ ሲነግሩኝ የናቅሁት ሰው፣ በልጅነቴ አንድ መርፌ የሠላሳ ሰው ነፍስ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ዛሬ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፣ ቱርቦው ጭሱን ደብቆታል። የዚያ ሾፌር ጆሮ ቢኖረን እንኳ የሚሰማ ነገር የለም። መለኪያ የምናስገባው ይህን ለመተካት ነው። በመንገዴ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ እዚህ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ናፍታ፣ ያነሰ አየር። የአገር ቤት ሾፌሮች ማርሽ ቀድመው መቀነስን የተማሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ገንዘባችሁ ለአንድ መለኪያ ብቻ ከበቃ የጭስ ሙቀት መለኪያውን ግዙ። ፒሮሜትር ይባላል። ሁለተኛው የቱርቦ አየር ግፊት ነው። ሦስተኛው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሙቀት ነው። ዶጅ ያላችሁ ደግሞ አራተኛ አላችሁ፣ እርሱን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ፤ ዋናው ልመናዬም እርሱ ነው። መለኪያዎቹ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ስፋት አላቸው፣ 52 ሚሊ ሜትር፣ ስለዚህ ማቀፊያቸው በቀላሉ ይገኛል።

የጭስ ሙቀት መለኪያው ጫፉ ላይ እንደ እርሳስ ያለ ብረት አለው። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተዋል፤ መገናኛው ሲግል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ያ ነው። ዜቤክ የተባለ ሰው በ1821 የደረሰበት ነገር ነው። ይህን የምነግራችሁ ለታሪኩ አይደለም፤ ሽቦው ከራሱ ከነዚያ ብረቶች ስለሚሠራ ቢያጥራችሁ በተራ የመዳብ ሽቦ አትቀጥሉት፣ ቢረዝማችሁም አትቁረጡት ለማለት ነው። ከቀጠላችሁት የሚያሳያችሁ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ትርፉን ጠቅልላችሁ ከዳሽቦርዱ ሥር እሰሩት።

ይህ ብረት የት ይግባ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ከቱርቦው በፊት ወይስ በኋላ? ከኋላ ማስገባት ይቀላል፣ ቧንቧው ላይ ቀዳዳ ማውጣት ነው። ነገር ግን ጭሱ ቱርቦውን ሲያዞር ሙቀቱን እዚያ ይጥላል፤ ጭነት ላይ ከሁለት እስከ ሦስት መቶ ፋራናይት ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ ልዩነቱም እንደ ሁኔታው ስለሚለያይ ደምሮ ማወቅ አይቻልም። ከኋላ 1,000 እያያችሁ ከፊት ምን እንዳለ አታውቁም። እኔ ሁልጊዜ ከቱርቦው በፊት ነው የምለው፤ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው በሚወስደው ማኒፎልድ ላይ፣ ሁሉም ሲሊንደሮች ከተገናኙበት በኋላ። የእኔ ሞተር ቪ ስምንት ስለሆነ ሁለት ማኒፎልድ አለው፤ አንዱን መምረጥ ነው፣ እጅ የሚገባበትን።

ሰው የሚፈራው ሲበሳ የሚወጣው የብረት ፍቅፋቂ ወደ ቱርቦው ገብቶ እንዳይሰብረው ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ማኒፎልዱን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። ካልተቻለ ግን እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፦ በመጀመሪያ በትንሽ ፑንታ ምልክት አወጣሁ፤ ፑንታውን በግራሶ ለቅልቄ፣ ትራፓኖውን በዝግታ እያዞርኩ፣ ጥቂት በጥቂት እያወጣሁ ፑንታውን ጠርጌ እንደገና እየቀባሁ። ግራሶው ፍቅፋቂውን ይይዘዋል። ሊበሳ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩን አስነሥቼ፣ ጭሱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ፍቅፋቂውን እንዲተፋው አደረግሁ። ለዚህ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ሰውነታችሁን ከቀበቶውና ከማራገቢያው አርቁ፤ ቁልፉ ጋ አንድ ሰው ይቀመጥ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ በ11/32 ኢንች ፑንታ አሰፋሁትና በስምንተኛ ኢንች የቧንቧ ጥርስ ማውጫ ጥርስ አወጣሁለት፤ እርሱንም በግራሶ። በመጨረሻ ቀጭን ማግኔት አስገብቼ የቀረውን ለቀምኩ። ማኒፎልዱ የብረት ቅልጥ ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል። ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስተኛው ባዶውን እስኪወጣ ድረስ አላቆምኩም።

ብረቱ ሲገባ ጫፉ የጭሱ መንገድ መካከል ላይ መድረስ አለበት። ግድግዳውን ከነካ የሚለካው ግድግዳውን ነው።

የቱርቦ አየር ግፊት መለኪያው ቀላል ነው። በቀጭን ቱቦ የሚመጣው አየር ብቻ ስለሆነ ወደ ጋቢና ቢገባም አደጋ የለውም። በእኔ ፎርድ ላይ ለአየር ግፊት ጠቋሚው የሚሄድ ቱቦ አለ፤ እርሱን ቆርጦ ባለ ሦስት አፍ መገናኛ ማስገባት ነው። ቱቦው ከትኩስ ነገር ይራቅ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ጥቅሙ ምንድን ነው? የለመዳችሁት ግፊት፣ ለምሳሌ ዳገት ላይ 16 የነበረው፣ አንድ ቀን 9 ካለ የሆነ ቦታ አየር እያመለጠ ነው። የቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ይሆናል። አየር ሲያንስ ምን እንደሚከተል ከላይ ብያለሁ።

የካምቢዮ ሙቀት። ከ1999 ወዲህ ያሉት ትልልቆቹ ፎርዶች ከፋብሪካው አንድ መርፌ አላቸው፤ ቁጥር ግን የለውም። ቀለም ብቻ ነው፤ ቀዩ ላይ ሲደርስ ነገሩ አልፏል። የካምቢዮ ዘይት ከ175 እስከ 200 ፋራናይት ሲሆን ደኅና ነው፤ 220 አልፎ ከቆየ እየተበላሸ ይሄዳል። ተጎታች የሚስብ ሰው ከሞተሩ ቀድሞ ካምቢዮውን ሊቀብር ይችላል። በእኔ ካምቢዮ ጎን ለፍተሻ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ቡሎኑን ፈትቶ ጠቋሚውን ማስገባት ነው፣ መብሳት አያስፈልግም።

ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ። ኃይሉን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር ውሰዱ፣ በራሱ ፊውዝ። ኔጌቲቩን ንጹሕ ብረት ላይ እሰሩ፤ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ታስሮ መርፌው ሲዘል ያየሁት ብዙ ነው። መብራቱን ከዳሽቦርዱ መብራት ማደብዘዣ ጋር አገናኙት፣ አለዚያ ሌሊት ዐይን ይወጋል። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ጋቢና ሲያልፍ በጎማ ቀለበት ውስጥ ይለፍ፤ የቆርቆሮ ጠርዝ በአንድ ክረምት ሽቦ ይቆርጣል።

መለኪያዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ፣ ብዙ ሰው የሚወደው ከፊት መስታወቱ ጎን ያለውን ቋሚ ነው። ለዐይን ቅርብ ነው። ነገር ግን አዳዲሶቹ መኪኖች በዚያ ቋሚ ውስጥ የአየር ከረጢት አላቸው፤ ግጭት ሲደርስ መለኪያው ወደ ፊታችሁ ይወረወራል። መጽሐፉን አንብቡ። ከረጢት ካለው ዳሽቦርዱ ላይ አድርጉት፣ እይታችሁንም እንዳይጋርድ።

አንባቡ እንዴት ነው? በእኔ መኪና ሜዳ ላይ ያለ ጭነት ከ500 እስከ 700 ፋራናይት ያሳያል። ዳገትና ጭነት ላይ 1,000፣ 1,100 ይደርሳል። ከቱርቦው በፊት ለሚለካ መለኪያ ብዙ ባለሙያ ወሰን የሚያደርገው 1,250ን ነው። እኔ 1,200 ላይ እግሬን አነሣለሁ፤ አንዴ የተቃጠለ ሰው ነኝ። እግር ማንሣት ብቻ አይደለም፤ ማርሽ መቀነስ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ቱርቦው አየር ያበዛለታል፣ መርፌው ዐይናችሁ እያየ ይወርዳል። የዚያ የጎጃም መስመር ሾፌር ያለ መርፌ ያውቀው የነበረውን ነው የምነግራችሁ። ቺፕ ያለው ሰው ደግሞ ጭነት ላይ ቺፑን ወደ ዝቅተኛው ያድርግ፤ የእኔን ጨርሼ አውጥቼዋለሁ።

ስትቆሙም ወዲያው አታጥፉ። ቱርቦው በጣም ግሎ ሳለ ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ቆሞ እዚያው ይቃጠላል። መርፌው ወደ 300 እስኪወርድ ጠብቁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች «ቤትህ ደርሰህ መኪና ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ትለኛለች። ከሁለት፣ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ጋዜጣ ይነበብበታል።

ከ2007 ወዲህ የተሠሩ ናፍታ ፒክአፖች ያላችሁ፣ ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የጭስ ማጣሪያ ስላላቸው የሙቀት ጠቋሚዎች ከፋብሪካው አብረዋቸው መጥተዋል፤ ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ ትንሽ ስክሪን ብትሰኩ ቁጥሩን ታያላችሁ፣ መብሳት የለም። ማጣሪያው ራሱን ሲያጸዳ ከኋላ በኩል ሙቀቱ በጣም ከፍ ሲል አትደንግጡ፤ ሥራው ነው። ማጣሪያውን ቆርጠን እናውጣልህ የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

የማኅበራችን መኪና የ2001 ዶጅ ነው፤ 5.9 ሊትር ካሚንስ፣ ባለ 24 ቫልቭ። ሞተሩ እጅግ መልካም ነው። አንድ ድካም ግን አለው። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 በተሠሩት ላይ ያለው የቦሽ ናፍታ ፖምፓ፣ ቪፒ 44 የሚባለው፣ የሚቀዘቅዘውም ዘይቱን የሚያገኘውም በውስጡ ከሚያልፈው ናፍታ ነው። ናፍታውን ወደ እርሱ የምትገፋ ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ አለች። ያቺ ትንሽ ፖምፓ ትደክማለች። ስትደክም መኪናው አይቆምም፤ ያው ይነሣል፣ ያው ይሄዳል፣ ትልቁ ፖምፓ ግን በደረቁ እየተበላ ነው። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ግፊቷ በቆመበት ከ10 ፒ.ኤስ.አይ. በታች ከሆነ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ መርፌ ከፋብሪካው አልመጣም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ማለዳ መኪናው አልነሣ ብሎ ድንኳኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መድረሱን ታስታውሳላችሁ። ኀዘንተኞቹ በዝናብ ቆመው ጠበቁን። ባትሪ ነው ተብሎ ባትሪ ተለወጠ። ባትሪ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን ከጎኑ ቆሜ ስሰማው ሳይድሊንግ ሂል ላይ የነበርኩ መሰለኝ፤ ማናችንም ምን እንደሆነ አናውቅም፣ የምናውቅበት መርፌም የለንም።

ትልቁ ፖምፓ ከነሠራተኛው ዋጋ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። መለኪያው ከነዕቃው የዚያን ሩብ አይሞላም። ዋጋውን እኔ እችላለሁ፤ ሥራውንም በነፃ እሠራለሁ። አንድ ነገር ብቻ በኮሚቴው ፊት ላስመዝግብ፦ ናፍታ የያዘ ቱቦ ፈጽሞ ወደ ጋቢና አይገባም። እንደ አየሩ ቱቦ አይደለም፤ ቢቀደድ በሾፌሩ እግር ላይ ናፍታ ይረጫል። ጠቋሚው ሞተሩ ጋ ይቀራል፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ብቻ ነው። የፖምፓው ምት ጠቋሚውን እንዳይሰብረውም በመሐል ትንሽ መቆጣጠሪያ ቧንቧ ይደረግለታል። ርካሹን መንገድ አይቼ ወደ ጋቢና የሳበ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ሽታው እስከ ዛሬ ልብሴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ኮሚቴው ዛሬ ከፈቀደ በሚመጣው ቅዳሜ ጧት እጀምራለሁ። ጭስ ሙቀቱንና የናፍታ ግፊቱን አብሬ አስገባለሁ፤ ሁለት ሰው እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ፣ አንዱ ቁልፍ የሚይዝ፣ አንዱ ከእኔ ያነሰ እጅ ያለው፤ ማኒፎልዱ ጀርባ የእኔ እጅ አይገባም። ወጣቶች ብትሆኑ ደስ ይለኛል፣ በኋላ መኪናውን የምትነዱት እናንተ ናችሁና። መኪናውን የሚነዳ ሁሉ በየጊዜው የሚያየውን ቁጥር የሚጽፍበት አንድ ደብተር ጋቢናው ውስጥ አኖራለሁ።

ደቂቃዬ እንዳለፈ ሊቀመንበሩ እያመለከቱኝ ነው። የእኔ ፎርድ ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያው ጎን ቆሟል። ኮፈኑን ከፍቼዋለሁ፣ ሦስቱንም መለኪያዎች ታያላችሁ። ማኒፎልዱን ግን አትንኩ፤ ከመምጣቴ በፊት ወደ ማናሰስ ደርሼ ስለ ተመለስኩ ገና አልቀዘቀዘም።